አሥራ አራት ቁጥር ትሪ

እንቅልፍ በቀን የሚመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ አሁን መምጣት ነበረበት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ፣ አርባ ሁለት የቁርስ ትሪ ገፍቶ፣ አርባ ሁለት የምሳ ትሪ አድሎ፣ ሁሉንም መልሶ ሰብስቦ፣ ከየሳህኑ የተረፈውን መዝኖ፣ ሚዛኑን አጥቦ የመጣ ሰው አልጋ ሲያገኝ እንደ ጆንያ ነው መውደቅ ያለበት። እሱ ግን በጀርባው ተጋድሞ ከመጋረጃው ግርጌ የምትገባውን ብርሃን ያያል። መጋረጃው ለመስኮቱ አንድ ስንዝር ያጥረዋል፤ ክፍሉን ከተከራየ ጀምሮ ያጥረዋል። ይህንን ትሪ ከሚያደርስላቸው አረጋውያን አንዱ ለሆነው ልብስ ሰፊ ሲያጫውተው ሽማግሌው "ለክተህ አምጣልኝ፣ ከታች እቀጥልልሃለሁ" ብሎት ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ሳይለካ ቀረ። አሁን ለክቶ ቢወስድለትስ በምን መርፌ ሊቀጥልለት ነው? ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልብስ ሰፊው ሦስት ሰዎች ፊት ይቀርባል፤ መርፌው እጁ ላይ ይቅር አይቅር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሦስቱም የማያውቁትን ነገር የሚያውቀው ሰው ደግሞ እዚህ ተኝቶ፣ ተኝቶ እንኳ አይደለም፣ ተዘርግቶ፣ የጣሪያውን ስንጥቅ ይከተላል። ስልኩን አንስቶ ሰዓት አየ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ይላል።

የሚሠራው በሰው አገር፣ የመንግሥት አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ቤት ትሪ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ሰውም በትሪው ቁጥር ይታወቃል፤ እሱን ደግሞ ሠራተኞቹ "ሚዛኑ" ይሉታል። ሚዛኑን ጥሩት፣ ሚዛኑ መጣ፣ ሚዛኑ ዛሬ ፊቱን አጥቁሯል። መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ ሰው የማይለምደው ምን አለ፣ ስሙን በእናቱ አፍ ብቻ የሚሰማ ሰው ሆነ። ሥራውን ለአገሩ ሰው ቢያወራው የሚያስቅ ነው። ትሪው ከመታደሉ በፊት ፎቶ ያነሳዋል፣ ተበልቶ ሲመለስ ፎቶ ያነሳዋል፣ የተረፈውን ሚዛን ላይ አድርጎ ግራሙን ቅጽ ላይ ይሞላል። ቅጹ አሥራ ሰባት ሣጥን አለው፤ አሥራ ስድስቱ የቁጥር ነው፣ አሥራ ሰባተኛው "አስተያየት" ይላል፣ እሱ ላይ ማንም ምንም ጽፎ አያውቅም። ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። በመንግሥት ወጪ የሚኖር ሰው የሚበላውን መንግሥት ይወስንለታል፤ ሐኪሙ ቀይ ካርድ ከትሪው ላይ ከለጠፈለት ምግቡን ጨው አይነካውም። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ በር ላይ ቦርሳው ይፈተሻል። አንዲት የልጅ ልጅ ከኪሷ የጨው ብልቃጥ ተገኝቶባት፣ ብልቃጡ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ፊርማ ተፈርሞበት ሲቆለፍበት በዓይኑ አይቷል፤ ልጅቱ ስታለቅስ እሱም ጋሪውን ይዞ አልፏል።

ደንቡን ግን ጠልቶት አያውቅም፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ይህም ይነገር። ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሰብስባ ያስረዳች ዕለት ከሁሉም ጠንክሮ ያጨበጨበው እሱ ነበር። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ወረቀቷን አጥፋ አስቀምጣ፣ አባቷ ጨው ይወድ እንደነበር፣ የሐኪም ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ፣ በመጨረሻ ግማሽ ጎኑ ደርቆ አራት ዓመት በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው። ሰው ራሱን መግዛት ቢችል ደንብ ባላስፈለገ ነበር አለች። እሱ ያኔ እናቱን አሰበ። እናቱም ደም ግፊት አለባት። አጨበጨበ፣ መዳፉ እስኪሞቀው አጨበጨበ፣ አሁን ያንን መዳፉን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቆታል፣ ማን ያየው ይመስል።

አሥራ አራት ቁጥር ትሪ የልብስ ሰፊው ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ስድሳውን ያሳለፈው ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ ነው፤ ጀርባው እስከ ዛሬ ከመኪናው የተነሳ አይመስልም። እሱ ሥራ በጀመረ ሰሞን የሰጡት የደንብ ልብስ ሱሪ እግር እግሩን እየጠለፈው ጋሪ ይገፋ ነበር፤ ሽማግሌው አልጋው ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ወደ ታች አየውና "ና እስቲ ወዲህ አንተ ልጅ፣ የማንን ሱሪ ነው የተዋስከው?" አለው። እዚያው አስቆመው። ከኮቱ ልብ ላይ መርፌ ነቀለ፣ ሁሌም እዚያው ተሰክታ ነው የምትኖረው፣ ክሯ ሳይወልቅ፤ ቆሞ ሳለ ሁለቱንም የሱሪ እግር አሳጥሮ ጠለፈለት። መሬቱ ላይ ለመንበርከክ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት፣ ለመነሳት ስንት ጊዜ እንደፈጀበት፣ እሱ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ሊያነሳው ሲል "ልክ እየወሰድኩ ነው፣ አትነካካኝ" ማለቱ። ያ ሱሪ ይኸው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠርዙ ላይ የስፌቱ ነጥብ እንደ ጉንዳን መንገድ ቀጥ ብሎ ይታያል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሽማግሌው አይበላም ነበር። ማንኪያውን ያነሳል፣ ያሸታል፣ ያስቀምጣል። ለምን አይበሉም ሲለው "ታሞ ልጠይቀው የመጣሁ ነው የሚመስለኝ" ይላል ወደ ሳህኑ እያየ፣ "እግዜር ይማርህ ብዬው እነሳለሁ።" አንድ ቀን ሐኪሙ ሊመክረው ቢመጣ እንደዚሁ በቀልድ ጀምሮ ወደ ቁም ነገር ገባ፤ እሱ ትሪ ሊያነሳ ቆሞ ሰምቷል፣ ቃል በቃል ያስታውሰዋል።

"ስድሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ" አለ ልብስ ሰፊው። "ባንዱ ልክ ለሁሉም ብሰፋ ኖሮ ከገበያ ያባርሩኝ ነበር። እናንተ አርባ ሁለቱን ሰው በአንድ ልክ ሰፍታችሁ፣ ጠበበኝ ስል ትገረማላችሁ። ዶክተር፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። የምትቆጥቡልኝ ዕድሜ ለማን ነው?"

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገውና ሄደ። ቀይ ካርዱ እዚያው ትሪው ላይ ቀረ። የዚያን ቀን ትራፊ ሦስት መቶ ሰማንያ ግራም ነው፤ ራሱ ነው የመዘነው።

እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አእምሮው ሊዘል ይፈልጋል፤ ቀጥታ ወደ ጨዉ፣ ቀጥታ ወደ ሽማግሌው ፈገግታ ሊሄድ ይፈልጋል፤ መሀሉን ሊያልፈው ይፈልጋል። መሀሉ ግን ሰሌዳው ነው። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሰሌዳ አለ፣ በየወሩ የየፎቁ ትራፊ ድምር ይለጠፍበታል፣ ትራፊው ያነሰ ፎቅ በአረንጓዴ፣ የበዛ በቀይ። ሁለተኛ ፎቅ ሦስት ወር ሙሉ ቀይ ነበር። ኃላፊዋ ጠርታው፣ ሽማግሌዎቹ ካልበሉ ይከሳሉ፣ ሲከሱ እኔ እጠየቃለሁ፣ እኔ ስጠየቅ አንተን እጠይቃለሁ አለችው፤ በክፋት አላለችውም፣ ሻይ ጋብዛው ነው ያለችው። የሥራ ውሉ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ በውሉ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ውሉ በሰሌዳው ላይ፣ ሰሌዳው ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ልብስ ሰፊ ማንኪያውን አፉ ጋ ያድርስ አያድርስ ላይ። ስለዚህ ከሠራተኞች ምግብ ቤት አረንጓዴ መስመር ባለው ናፕኪን ጨው ጠቀለለ። ትሪውን ሲያስቀምጥ ከዳቦው ሥር ሸጎጠው። ያዘነለት ቀን፣ ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበርክኮ ሱሪውን የጠለፈለት ቀን፣ ያን ቀን አልሰጠውም። የሰጠው ሰሌዳው ቀይ የሆነ ቀን ነው። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሱም ቢሆን ዛሬ ነው አፉን ሞልቶ የተናገረው።

ትራፊው ቀለለ። በሳምንቱ አርባ ግራም፣ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሳህን፣ በዳቦ ተጠርጎ የሚያበራ ሳህን። ፎቶ አነሳው። ሁለተኛ ፎቅ አረንጓዴ ሆነ፣ ኃላፊዋ በሰው ፊት አመሰገነችው፣ እሱም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቆሞ ተመሰገነ። ውሉ ታደሰ። ልብስ ሰፊው ደግሞ አንድ ቀን ትሪውን ሊወስድ ሲጎነበስ የእጁን አንጓ ያዘው። ደረቅ እጅ ነው፣ ጣቶቹ ጫፋቸው ከስፌት ብዛት የደነደነ፣ አሁን እንኳ አንጓው ላይ የሚሰማው ይመስለዋል። ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ሰው መሆኑን ያስታወሰው አንድ ሰው እሱ እንደሆነ ነገረው። እናትህ ምን አብልታ ነው ያሳደገችህ ብሎም ጠየቀው። እሱ ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ፣ ሳቀና ትሪውን ይዞ ወጣ።

እናትህ ምን አብልታ ነው ያሳደገችህ። እናቱ ምግብ ስትሠራ ማንኪያ አትልስም ነበር። ከጭልፋው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ወደ አንድ ጥግ ታያለች፣ ሰው የሚያናግራት ይመስል ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ "ያንሰዋል" ትላለች ወይ "በቃው" ትላለች። እጇን ጨው ዕቃ ውስጥ ከታ በሦስት ጣት ትቆነጥራለች። ቆጥራ አታውቅም፣ ለክታ አታውቅም፣ ስታም አታውቅም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ድግስ ሲኖር እሷን አስጠርቶ ያስቀምሳት ነበር፤ እሷም እየተጠራች ስትሄድ እንደ ዳኛ ነው የምትራመደው። እሱ ከጎኗ ቆሞ መዳፉን ይዘረጋል፣ ለእሱም ጠብ ታደርግለታለች፣ "እስቲ ንገረኝ" ትለዋለች፣ እሱ ምንም ሳይገባው "ያንሰዋል" ይላል፣ እሷም ከልቧ ትሰማዋለች።

ያቺን ሴት ነው እስረኛ ያደረጋት። ሌላ ቃል ፈልጎ ነበር፣ አጣ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ግፊቷን ለክቶ "ጨው ቀንሱላት" ነው ያለው፤ ቀንሱ ከሚለው ቃል ተነስቶ አንድ ፍሬ እንዳይነካት የሚል ትእዛዝ የፈጠረው እሱ ነው፣ ከባሕር ማዶ፣ በስልክ። ሥራውን ተምሮ የለ። እናቱ ጋ የምትኖረውን ታናሽ እህቱን እንዲህ አላት፦ ከመብላቷ በፊት ሳህኑን ፎቶ አንሺልኝ፣ ከበላች በኋላም አንሺልኝ። እህቱ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ወንድም ጋሼ፣ እናታችን እኮ ናት አለችው። ለዚህ ነው እኮ አላት። ፎቶው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። የምስር ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፤ ከዚያ ባዶ ሳህን። እሱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ደህና ይላል፣ አንዳንዴም አውራ ጣት ይልካል። ለእናቱ አውራ ጣት።

ታዲያ እሱን በፎቶ ማታለል ቀላል አይደለም፤ በቀን ሰማንያ አራት ሳህን የሚያይ ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት የማክሰኞው ሳህን ጠርዝ ላይ ሦስት የምስር ፍሬ ተጣብቋል፣ የሐሙሱም ላይ ሦስት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ከተሸረፈችው ጠርዝ ሁለት ጣት ወዲህ። ያው ፎቶ ነው። እናትና ልጅ ተማክረው ጨው የሌለውን ሳህን አንድ ቀን ለፎቶ ሠርተው፣ በየቀኑ እሱን እየላኩለት፣ ጓዳ ገብተው የፈለጉትን ይበላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ቢሰማ አልጋው ላይ ተንፈራፍሮ ይስቅ ነበር። እሱ ደወለ። ከእህቱ ስልኩን አስቀበላት፣ አንድ ባንድ ዘረዘረላት፣ ማክሰኞን፣ ሐሙስን፣ ሦስቱን ፍሬ። እናቱ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችውና እየሳቀች፣ ያንን ከሆዷ የሚመጣ ሳቋን እየሳቀች "አንተዬ፣ ልጄ ነህ ወይስ መንግሥት?" አለችው።

አብሯት ቢስቅ ምን ነበረበት? አንድ ሳቅ፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሳቀም። ትዝ ይለዋል፣ የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ በናፕኪን የተጠቀለለ ጨው ነበር፣ ያንን ጨው በግራ እጁ ጨብጦ ነው በቀኙ ስልክ ይዞ ለእናቱ የመለሰላት። "እማዬ" አላት፣ "ብትሞቺ መጥቼ አልቀብርሽም። ወረቀቴ አያስወጣኝም። እየሳቅሽ የምትበዪው ይህንን አውቀሽ ነው?"

"እሺ ልጄ" አለች፤ ስልኩን ለእህቱ መለሰችላት።

ያን ቀን ያሸነፈ መስሎት ነበር። ፎቶው እውነተኛ ሆነ፤ የምስሩ ፍሬ በየቀኑ ቦታ ይቀያይራል። እህቱ ደግሞ ቀስ በቀስ ትነግረው ጀመር፣ ስትነግረው ልትወቅሰው ሳይሆን እንደ ዘበት ነው። እናታችን የጨው ዕቃውን ለጎረቤት ሰጠችው፣ ልጄ ሲፈቅድ እወስደዋለሁ ብላ። ጎረቤቷ ምሳ ጋብዛት ሄዳ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች፤ ብዪ ሲሏት ልጄ አልፈቀደልኝም አለች፤ ጎረቤቷ ናቀችኝ ብላ ተቀይማለች። አሁን ቅመሽልን ብሎ የሚጠራትም የለም፤ ጨው የማትቀምስ ሴት ምን ብላ ትፈርዳለች። ትንሽ ከስታለች፣ ብዙ አይደለም ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ። ግፊቷ ግን ጥሩ ነው። እሱ ስልኩን ይዞ ግፊቷ ጥሩ ነው ግፊቷ ጥሩ ነው ይላል፣ አሁንም አልጋው ላይ ሆኖ ይላል፣ ግፊቷ ጥሩ ነው። በዚያው ሰሞን በየጠዋቱ ለባዕድ ሽማግሌ ከዳቦ ሥር ጨው እየሸጎጠ ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው ሳምንት ነው። ልብስ ሰፊውን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ራሱን አዞረውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አልወደቀም፣ ቁጭ ነው ያለው፣ ግን ሲለኩት ግፊቱ ጣሪያ ነክቷል። ጨዉ ነው እንግዲህ፤ ጨዉ የሚጎዳ ነገር መሆኑ ውሸት አልነበረም። ኃላፊዋም ልክ ናት፣ ሽማግሌውም ልክ ነው፤ መሀል ቆሞ ለሁለቱም ያጨበጨበው እሱ ነው ልክ ያልሆነው። ክፍሉን ፈተሹት። አዝራር የሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ አለው፣ ዛጎል አዝራር፣ የእንጨት አዝራር፣ ከስድሳ ዓመት ደንበኛ የቀረ፤ አልጋው ላይ ሲዘረግፉት ከመሀሉ አረንጓዴ መስመር ያለው ናፕኪን ወጣ። እሱ በሩ ላይ ትሪ ይዞ ቆሟል። ማን ሰጠህ አሉት። ልብስ ሰፊው ከሠራተኞች ምግብ ቤት ራሴ ሰርቄ ነው አለ፣ እግር የለኝም እንዴ አለ። ሠራተኞች ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ሽማግሌው ኮሪደሩን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን ወደ በሩ አላዞረም። ቢያዞር ኖሮ፣ ቢያየው ኖሮ፣ ምናልባት ትሪውን ያስቀምጥ ነበር። ትሪው እጁ ላይ ስለነበር ዝም አለ፤ ስምንት ቀን ሙሉ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነው፣ ትሪ ይዤ ነበር።

ደንቡ የጣሰውን አረጋዊ ወደ አራተኛ ፎቅ ይልካል። አራተኛ ፎቅ ሰው ሲበላ አጠገቡ ሠራተኛ ይቀመጣል፣ ዕቃው ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ስለት አይገባም፣ መርፌም ስለት ነው። ጨዉን ያቀበለው ሠራተኛ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የሠራተኛው ነው፤ አረጋዊው ባለበት ይቆያል፣ ሠራተኛው ይባረራል። ደንቡ ግልጽ ነው፣ ሦስት ጊዜ አንብቦታል። አንደኛው ሰው መርፌውን ያጣል ወይም አንደኛው ሰው ወረቀቱን ያጣል። ተነስቶ ተቀመጠ። ሱሪውን ከበሩ ጀርባ አወረደ፤ እግሩን ሲያስገባ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክ ሆኖ አረፈ፣ አንድ ጣት አላነሰ አንድ ጣት አልበዛ። ወጣ። መንገድ ላይ እሮጣለሁ ብሎ አላሰበም፣ ግን ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ሦስቱ ሰዎች ኃላፊዋ፣ ሐኪሙና ከመንግሥት የመጣ ጸሐፊ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የአዝራሩ ቆርቆሮ ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ተላጭቶ፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ይመስላል። እሱ ሳይጠራ ገባና ሁሉም ቀና ሲሉ "ጨዉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

ኃላፊዋ ትኩር ብላ አየችው። አልተቆጣችም። "ለምን?" አለችው።

ለምን። መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ለቁጥሩ። ለሰሌዳው ብትል ያው ነው። ይህንን ቢላት ታምነው ነበር፤ ሰሌዳውን የሰቀለችው እሷ ናት፣ ነገሩ በአንድ አፍታ ይገባት ነበር፣ ጸሐፊውም ይጽፈው ነበር፣ ልብስ ሰፊውም ይሰማው ነበር። ልብስ ሰፊው ይሰማው ነበር! ሽማግሌው አሁን አየው፣ በስምንት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አዞረና አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ያ ሰው መሆኔን አስታወስከኝ የሚለው ነገር እንዳለ ነው። ወረቀቱን ለማጣት ቆርጦ የመጣ ሰው ይቺን ማጣት አቃተው። "አልበላ ሲሉ ጊዜ..." አለና ቆመ፤ እዚያ ላይ ቆመ።

ልብስ ሰፊው ሳቀ። "ተዉት" አላቸው። "ይህ ልጅ ሆደ ቡቡ ነው፤ እኔን ሊያድን ነው የሚዋሸው። አንድ ሱሪ አሳጥሬለት ነበር፣ ውለታ ሆኖበት ነው። ጨዉን የሰረቅሁት እኔ ነኝ።"

እሱም በበኩሉ እኔ ነኝ እኮ ብሎ ደገመ፤ ግን አንድ ጊዜ ከታዘነለት በኋላ የሚሰማው አልነበረም። የኃላፊዋ ዓይን ረጥቧል። ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። ጸሐፊው የሠራተኛው ርኅራኄ ታይቷል ብሎ ጻፈና እንዲህ ያለ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደግም በደግነት መከረው። የእምነት ቃል ሊሰጥ መጥቶ ተመስግኖ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልብስ ሰፊው ከዛሬ ጀምሮ አራተኛ ፎቅ ነው ተባለ። ሽማግሌው ምንም ሳይሉት ከኮቱ ልብ ላይ መርፌዋን ነቀለ፣ ክሯ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጣት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ።

"መጋረጃህን ለካኸው?" አለው።

"አንድ ስንዝር ነው የሚያጥረው" አለ።

"በማን ስንዝር?" አለ ልብስ ሰፊው፤ መልስ አልጠበቀም፣ አንዲት ሠራተኛ ክንዱን ይዛ ወደ ሊፍቱ ወሰደችው።

ነገ ጠዋት አሥራ አራት ቁጥር ትሪ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ባዶ ሆኖም ይመለሳል፤ አጠገቡ ሰው ተቀምጦበት ማን ያስተርፋል። ሰሌዳው አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ይህን እያሰበ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሟል፣ ሁለት አውቶቡስ አልፎታል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተርገበገበ። ፎቶ ነው። ድንች፣ ምስር፣ ዳቦ፣ የተሸረፈችው ጠርዝ። ዛሬ እህቱ የለችም መሰል ፎቶውን እናቱ ናት ያነሳችው፤ ሳህኑ ተንጋዷል፣ ጥጉ ላይ የእናቱ ጣቶች ገብተዋል፣ ሦስቱ የምትቆነጥርባቸው ጣቶች። ደወለ።

እሱ ሃሎ ሳይል እናቱ ገና አልበላሁም ልጄ፣ አሁን ነው የቀረበልኝ፣ ስጨርስ የባዶውን እልክልሃለሁ አለችው፤ ስልኩን መንካት ስለማላውቅበት ነው የዘገየሁት አለችው። ፎቶው ተበላሸ እንዴ ብላ ሰጋች። እሱ እማዬ አላት፣ ደግሞ እማዬ አላት። ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ አልፈልግም አላት። ጨው ጨምሪበት፣ እንደ ድሮሽ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ቀምሰሽ፣ አንቺ እንደመሰለሽ፣ ትንሽ ቀንሰሽ አንቺ እንደመሰለሽ። ይቅር በይኝ ሊላት ፈልጎ ነበር፣ ይህኛው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀው፣ ዘግቶ ሄደ።

"ፈቀድክልኝ?" አለች እናቱ።

"አዎ እማዬ።"

የወንበር ድምፅ ተሰማው፤ ተነሳች መሰለው። ጨዉ ከጎረቤት እስኪመጣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ግድ የለም አለች፣ አሞቀዋለሁ አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ የልጅ ደስታ ገብቷል። ከዚያ ቆም አለች፣ ያ ስትቀምስ ወደ አንድ ጥግ እያየች የምትቆይባት ጊዜ መሰለው፣ "ያንሰዋል" ወይ "በቃው" የምትል መሰለው።

"ስንት ቁንጥር ላድርግበት ልጄ?" አለችው።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። መልስ እየጠበቀች ነው።